ለጉሜ ሦስተኛ እጅ

የላይ መንደር ውሾች ሲጮሁ አልፈራሁም። ውሻ መጮህ ሥራው ነው። የፈራሁት ዝም ማለት ሲጀምሩ ነው።

ረፋድ ላይ ነበር፤ ደጃፌ ተቀምጬ ገብስ አበጥር ነበር። መንደራችን ከደብረ ታቦር በታች ናት፤ ላይ መንደር ደግሞ ከሸለቆው ማዶ። የዚያን ማዶ ውሾች አብዛኞቹን ከቡችላነታቸው ያሳደግኋቸው እኔ ነኝና ማን እንደሚጮህ ሳላይ አውቃለሁ። መጀመሪያ የአንጥረኛው ውሻ ጮኸ። እሱ በነፋስም ይጮሃልና ቀና አላልሁም። ቀጥሎ የባልቴቷ ቀይ ውሻ ጮኸች፤ ያቺ ግን ያለ ምክንያት አፏን አትከፍትም። ከዚያ የአንጥረኛው ውሻ ጩኸት መሀል ላይ ተቆረጠ። ውሻ ጩኸቱን ሲተው እያነሰ፣ እያጉረመረመ ነው የሚተወው እንጂ እንዲያ ተቆርጦ አይቀርም። ትንሽ ቆይቶ የቀይዋም ተቆረጠ። ከዚያ የሦስተኛው።

ሰፌዱን አስቀመጥሁ። ወታደር መንደር ለመንደር እየዘረፈ፣ ቤት እያቃጠለ ነው ሲባል ሰንብቶ ነበር። በዚያ ዓመት ወታደር ከየአቅጣጫው ይመጣ ስለነበር የማን ወታደር እንደሆነ አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። ውሾቹን ያጠፋቸው ሰው ወደ እኛም እንደሚሻገር ግን አወቅሁ።

ልጄ ብርቄ ከቤቱ ጓሮ ከቡችላችን ከጉሜ ጋር ነበረች። ጉሜን ያዢ፣ እንሄዳለን አልኋት። ፊቴን አየችና ጠፍሩን አንገቱ ላይ አሰረችለት። በሶ በስልቻ፣ ውሃ በቅል ያዝሁና ቤቴን ሳልዘጋ ወጣሁ። የተዘጋ በር ይሰብራሉ፣ ክፍቱን ግን ገብተው ይወጣሉ ብዬ ነው። ያ በር ዛሬ ይኑር አይኑር አላውቅም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመናገር መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር፤ ያለዚያ አይገባም። አሁን ሥራዬን ትቼ ፈትል ስለያዝሁ፣ ትዝ የሚለኝም እየበዛ ስለመጣ፣ ይህን እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ቄስ አባቴ ወንዶቹን ሲያስተምር ከበሩ ኋላ ሆኜ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት የለኝም። እጄ ቀርፋፋ ነውና ይታገሡኝ።

ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ቡችላ በማሳደግ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ቡችላ ራሱ ያድግ የለም ወይ ይላል። ልክ ነው፣ ያድጋል። ሊጥ እየላሰ፣ የጎረቤት ዶሮ እየጨረሰ፣ ጅብ ሲመጣ መደብ ሥር እየገባ ያድጋል።

ሥራውን የያዝሁት በእሜቴ ላቀች ግቢ ነው። እሜቴ ላቀች ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ባለርስት ነበሩ፤ ከብታቸው ብዙ፣ በረታቸው ሰፊ። እኔ የገባሁት እህል ልፈጭ ነበር። ከወፍጮው ቤት ጎን አያ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ ይቀመጡ ነበር። ለእሜቴ ባል በውሻ ሚዳቋና ቆቅ ሲያድኑ የኖሩ ናቸው፤ እግራቸው ሲሰበር የግቢውን ውሾች እንዲያሳድጉ ተደረገ። ጎንበስ ማለት ስላቃታቸው አንድ ቀን ጠሩኝ። እጄ በዱቄት ተለውሶ እያዩት፣

"አንቺ፣ ሥራ ፈትተሻል?" አሉኝ።

አልፈታሁም ብላቸው፣ "እንግዲያው ዱቄቱን አራግፊና ይህን ቡችላ ያዢልኝ" አሉ።

ያን ቀን የያዝሁትን ቡችላ እስከ ዛሬ የለቀቅሁት አይመስለኝም።

አያ ቢተው በሰው ይጮሃሉ፣ በእሜቴ ላይ እንኳ ሳይቀር። በውሻ ሲጮሁ ግን አላየሁም። ልማዳቸው መቀመጥ ነበር። ቡችላ ሊመርጡ ሲሄዱ ለቡችሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው መሬት ላይ ይቀመጡና ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰብል ከባለቤቱ ጋር ወሬ ይይዛሉ። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ሮጦ የመጣውን አይፈልጉትም፤ ሆዱ ነው ያመጣው ይላሉ። ከእናቱ ሥር ያልወጣውንም ይተዉታል። ቆም ብሎ፣ አሽትቶ፣ አይቶ የመጣውን እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ሳያዩ ያነሱታል። ተሳስተው አያውቁም።

ሌላውን ሁሉ ከእሳቸው ቀሰምሁ። ቡችላ ከእናቱ በተለየበት ሰሞን ሲመሽ ያለቅሳል፤ የለበስሁትን አሮጌ ቀሚስ ቀድጄ ሥሩ አነጥፍለታለሁ፣ ሽታዬን ይዞ ይተኛል። የገብስ ቂጣ በአጓት ነክሬ አበላዋለሁ፤ በልቶ እንደጨረሰ አንሥቼ ከደጅ ወደ አንድ ስፍራ፣ ሁልጊዜ ወደዚያው ስፍራ እወስደዋለሁ። ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ አላናግረውም። ሲጨርስ ያን ጊዜ አመሰግነዋለሁ። ቤት ውስጥ ካበላሸ አመድ አድርጌ እጠርጋለሁ እንጂ አፍንጫውን አላስነካውም፤ እንዲያ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፣ ቡችላው ግን ሰውየውን መፍራት እንጂ ሌላ አይማርም። ዶሮ እንዳይነካ የማስተምረው እኔ አይደለሁም። ጫጩት ያቀፈች ዶሮ ካለችበት አስገባውና በሩ ላይ እቆማለሁ። አንድ ጊዜ አፍንጫውን ከነቆረችው ዕድሜ ልኩን ዶሮ ሲያይ ዞሮ ነው የሚያልፈው።

ሁለት የእጅ ነገሮች ነበሩን። ጣቶቼን መሬት ላይ ጫር ጫር ሳደርግ፣ ና፣ እንጫወት ማለት ነው፤ ቡችላው ዘሎ ይመጣል። መዳፌን መሬት ላይ ሳሳርፍ ደግሞ ተኛ፣ ድምፅ አታሰማ ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው የአዳኝ ምልክት ነው፤ ሚዳቋ ሲጠበቅ ሰው አይናገርም። አያ ቢተው መዳፌን ከላይ በእጃቸው ተጭነው ነው ያሳዩኝ።

"የተኛ ልጅ ላይ እንደምታሳርፊው አድርጊው። ይክበድ፤ አይንቀሳቀስ።"

ደግሞ ምግብ ነበር። ቡችላው ከመሬት አያነሣም፣ ከእጅ ነው የሚበላው፤ እሱም "ያንተ ነው" ሲባል ብቻ። ይህን እሜቴ ላቀች ነበሩ አጥብቀው የሚሹት፤ ከብት ሌባ ለውሻ ሥጋ ወርውሮ ዝም አሰኝቶ ይገባልና። ምንዳዬ በእህል ነበር፣ አንዳንዴም አሞሌ ጨው ይጨመርልኝ ነበር። አላማረርሁም።

አሁን የመከታን ነገር ልናገር ነው፤ እሱን ዘልዬ ማለፍ አልችልም።

መከታ ለእሜቴ የበረት በር ያሳደግሁት ውሻ ነው። ደረተ ሰፊ፣ ጥቁር፣ ዓይኑ እንደ ሰው። እሜቴ ከአንድ እጅ በቀር ከማንም የማይበላ ውሻ ስጪኝ ብለውኝ ነበር፤ ሰጠኋቸው። ከእኔ እጅ ብቻ ይበላል። እሜቴ ራሳቸው ሥጋ ቢዘረጉለት ፊቱን ያዞራል። እንግዳ ሲመጣ እየጠሩ በዚህ ይኮሩ ነበር፤ እኔም ኮርቻለሁ።

ያን ጊዜ ብርቄን አርግዤ ነበር። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ሄድሁ። ብርቄ ተወለደች፤ ክርስትናዋ እስኪደርስ እዚያው አራስ ቤት ነበርሁ። መከታ የበረት ውሻ ነውና ታስሯል፤ ሄዶ ለቅሞ አይበላም። ከሚዘረጋለት እጅ ሁሉ ፊቱን አዞረ። አያ ቢተው እኔ መጥቼ አንድ ጊዜ ለሌላ ሰው እንዳስረክበው ሰው ልከው ነበር። መልእክተኛው እናቴ ደጅ ድረስ መጥቷል። ነገር ግን አራስ ክፉ ወሬ አትሰማም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ልቧ ይደነግጣል ይባላል። ሴቶቹ ከደጅ አብልተው፣ አጠጥተው፣ ደህና ናት በሏቸው ብለው መለሱት። እኔ ከመጋረጃው ውስጥ ሆኜ የሰው ድምፅ ሰምቻለሁ። ማን ነው ብዬ ብጠይቅ መንገደኛ ነው አሉኝ።

ስመለስ ብርቄን አዝዬ በግቢው በር ገባሁ፤ የሚቀበለኝ ውሻ አልነበረም። አያ ቢተው ከተቀመጡበት ቀና ብለው ጠፍሩን ብቻ ዘረጉልኝ። ጠፍሩን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

"አስተምረሽው ነበር፤ ጎደለ የምለው የለም" አሉ። "ያስተማርሽው ለአንድ እጅ መሆኑ ነው እንጂ። እኔም ዝም ብዬ አየሁሽ። ከእንግዲህ ሁለት እጅ ይሁን፣ ልጄ።"

ከዚያ በኋላ ለሁለት እጅ ያላስተማርሁት ቡችላ የለም። አያ ቢተው ሞቱ፣ እሜቴም ተከተሉ፤ ወራሾቹ ግቢውን ሲከፋፈሉት እኔ ለየመንደሩ ገበሬ ማሳደግ ያዝሁ። ባሌ ለዘመቻ ሄዶ አልተመለሰም። ጎጆዬ ውስጥ ብርቄና ቡችሎች ነበሩ፤ ከእናቱ የተለየ ቡችላ ሲያለቅስ ብርቄም አብራው ታለቅስ ነበርና ሁለቱን ባንድ ቀሚስ ጠቅልዬ ያስተኛሁበት ጊዜ አለ።

ጉሜ የመጨረሻው ነው። አመድማ ስለሆነ ብርቄ ከጉም ቆርጣ ስም አወጣችለት። ለሰው ላሳድገው ነበር የወሰድሁት፤ ሰውየው አገር ጥሎ ሄደ፣ ጉሜ ለእኛ ቀረ። ሁለተኛዋን እጅ ብርቄን አደረግሁ። የወተት ጥርሷ ገና እየወለቀ ነበር። ቂጣውን ትዘረጋና "ያንተ" ብላ ከንፈሯን ነክሳ ትቆያለች፤ ጉሜ ምራቁ እየወረደ ዓይን ዓይኗን ያያል፤ "ነው" ስትለው ይዘላል። ታሰቃዪዋለሽ ስላት፣ "አላሰቃየውም እማ፣ መጠበቅ እያስተማርሁት ነው" ትለኛለች። መዳፍ ማሳረፍም እንዲሁ አስተማርኋት። እሷ ግን ስታሳርፍ ራሷም አብራ መሬት ላይ ትተኛ ነበር፤ ሁለቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው። ተሳስተሻል አላልኋትም። ጉሜ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ቶሎ ይተኛ ነበር።

ወደ ሽሽታችን ልመለስ።

ያሰብሁት ቆራጣ መድረስ ነበር። ጣና ሐይቅ ዳር ነው፤ ደብሩ የተፈራ ነው፣ የገባበትን ሰው አይነኩትም ይባላል። መንገዱን ትተን በእርሻ ዳር፣ በገደል ሥር ሄድን። ብርቄ ሲደክማት አዝላታለሁ፤ ጉሜ ሲደክመው እሷ ታቅፈዋለች፤ ያን ጊዜ ሁለቱንም የማዝል እኔ ነኝ።

የጉማራ ወንዝ ዳር ስንደርስ ከኋላችን የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። ቁጥቋጦ ውስጥ ገባን። በሆዳችን ተኛን፤ ጉሜ በመሀላችን። ወታደሮቹ መጡና በቅሎዎቻቸውን ከፊታችን ማጠጣት ጀመሩ። እግራቸውን አያለሁ። አንዱ በቅሎዬ አልጠጣም አለች ብሎ ይሳደባል፤ ሌላው አለቃህ ከላይ እግሩን ታጥቦበታል፣ ከርፍቷት ነው ይለዋል። ይስቃሉ። ከዚያ አንዱ አርጩሜ ልቁረጥ ብሎ ወደ ቁጥቋጦው መጣ።

የጉሜ ጀርባ ጠጉር ቆመ። ጉሮሮው ውስጥ ማጉረምረም ሲጀምር ተሰማኝ፤ ገና ድምፅ አልሆነም። መዳፌን መሬት ላይ አሳረፍሁ። እጄ ግን የኔ አልነበረም። ይንቀጠቀጣል። ጣቶቼ ደረቁን ቅጠል ጫር ጫር አደረጉት። ጉሜ ጆሮውን አቆመ፤ ጅራቱ መወዝወዝ ጀመረ። ና፣ እንጫወት ያልሁት መስሎታል። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ሊዘል አጎነበሰ። እጄን ላነሣ ብል እሱም እንቅስቃሴ ነው፤ ብተወው መንቀጥቀጡን አያቆምም። ሰውየው ቅርንጫፍ ሲያጎብጥ የቅጠሉ ጥላ ፊቴ ላይ ወደቀ። ልጄን በእጄ አስጨረስኋት ብዬ አሰብሁ።

ያን ጊዜ የብርቄ እጅ ከጎኔ ወጣ። ትንሽ፣ ጭቃ የነካው። መሬት ላይ አሳረፈችው፤ አልተንቀሳቀሰም። አፍንጫዋን ከጉሜ አፍንጫ አጠገብ አደረገች። ጉሜ አያት፣ ከዚያ ሆዱን መሬት ላይ ጣለ። ጅራቱ ቆመ። ጉሮሮው ውስጥ የነበረውም ጠፋ።

ሰውየው አርጩሜውን ቆረጠ፣ ቅጠሉን መለመለ፣ እያፏጨ ሄደ። ኮቴው ከራቀ በኋላም አልተነሣንም። ፀሐይ ዘወር ስትል አልፈራሽም ወይ አልኋት።

"ጉሜ ፈርቶ ነበር እማ። እሱን ሳይ የኔን ረሳሁት።"

ቆራጣ ስንገባ የደብሩ ቅጥር ደጅ በሰው ተጨናንቋል። የየመንደሩ ሰው፣ ሕፃን ያዘለ፣ አሮጊት የደገፈ። በሩ ላይ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ አባ ቆመው ግቡ፣ ግቡ ይላሉ። ወደ እኛ ሲደርሱ ምርኩዛቸውን አጋደሙት።

"እናንተ ግቡ። እሱ ሊያስቀድስ ነው የመጣው?"

ውሻ ቅጥር እንደማይገባ አውቃለሁ፤ መንገዱን ሁሉ ይህን ሳስብ ነው የመጣሁት። ገብተን መቼ እንደምንወጣ አላውቅም። ጉሜ ከደጅ ይቀራል፤ ከሁለታችን እጅ በቀር ከማንም አይበላም። የመከታ ጠፍር እንደገና እጄ ላይ ያለ መሰለኝ። ከኋላ ሰው ይገፋናል፤ ወታደር እዚሁ ቅርብ፣ ሐሙሲት ደርሷል የሚሉም አሉ። ብርቄ የጉሜን አንገት አቅፋ አልገባም አለች። ልጄን ይዤ ልግባ ወይስ ልቁም አልሁ።

ከዚያ ለአባ ነገርኋቸው። ስለ እጅ፣ "ያንተ ነው" ስለማለት፣ ስለ መከታ፣ ሴቶቹ መልእክተኛውን ስለመለሱት። እንዲህ ባለ ጊዜ የውሻ ወሬ ሳወራ ሰው ሁሉ ያየኛል። አባ ሰሙኝ። እጃቸውን አዩ።

"ምላሱ ከነካኝ ቤተ መቅደስ አልገባም።"

"አውቃለሁ አባ።"

"ዛሬ ግን ተረኛ አይደለሁም" አሉና ትንሽ አሰቡ። "ነገም አይደለሁም። የጣና ውሃ ደግሞ መቼ አለቀ።"

ከበሶው በቀረን ውሃ አንድ ጉርሻ ለወስሁና መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በእርጅና። ጉሜ አሸተተ፣ ፊቱን አዞረ። ብርቄ ከአባ አጠገብ ተንበረከከች፣ መዳፏን ከመዳፋቸው ሥር አድርጋ ደገፈችላቸው። እጃቸው ረጋ። ጉሜ አያት። እሷ ግን ቃሉን ለአባ ትታ ወደ እሳቸው አየች። ገባቸው።

"ያንተ ነው" አሉ አባ፣ ቅዳሴ የሚያዜሙ ያህል ቀስ ብለው።

ጉሜ እንደገና ብርቄን አየ፣ እንደገና አባን። ከዚያ በላ። መዳፋቸውን እስኪጠራ ላሰው፤ አባ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸውን ግን አልሰበሰቡም።

ብርቄ ከደጃፉ ውጭ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር መዳፏን መሬት ላይ አሳረፈች። ጉሜ ተኛ። ምርኩዙ ተነሣ። የልጄን እጅ ይዤ በሩን ተሻገርሁ።

ደርሰናል። ልጄ ደህና ናት፤ እኔም ደህና ነኝ። ጉሜ ከደጅ ነው፤ በልቷል።